አኮረፍኩ እንጂ አፕሴት አልሆንኩም

ለልጄ፣
ዲጋ

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ፣ ጎረቤቱስ፣ ሕፃኗስ ደህና ናቸው? ሰላምታ ከኩርፊያ ይቀድማል፤ ስለዚህ ጤንነታችሁን መጠየቄን እንደ እርቅ አትቁጠሪው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ ከእኔ ይልቅ ከስልኳ ጋር ስታወራ ትውላለች እንጂ። እኔ ግን ያኮረፈ ሰው ስልክ ስለማይደውል እጽፋለሁ። በአማርኛ መጻፌም አይግረምሽ። ፊደል የቆጠርኩት በእሱ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ እጫወታለሁ፣ በአማርኛ እከራከራለሁ።

ለእናትሽ የላክሽውን መልእክት አይቼዋለሁ። «አባ አሁንም አፕሴት ነው?» ትያለሽ። አንቺ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነሽ፤ እኔ ደግሞ ያለ አስተማሪ የተማርኩበት መዝገበ ቃላት አለኝ። ገለጥኩት። ጀልባ ሲገለበጥ አፕሴት ነው ይላል። ሆድ ሲታወክም አፕሴት ነው። ያሸንፋል የተባለው ሲሸነፍም ያው፣ ሰው ሲከፋውም ያው። እነዚህ ሰዎች ባሕር ተሻግረው ስንቱን አገር ሲይዙ አንድ ቃል መጨመር አቃታቸው? እኔ አልተገለበጥኩም። ሆዴ ደህና ነው። ማንም አላሸነፈኝም። መከፋት ደግሞ የልጅ ነው። እኛ ለእያንዳንዱ በልኩ የተሰፋ ቃል አለን፤ የተቆጣ ይጮኻል፣ የተናደደ ይሰብራል፣ የተቀየመ በሆዱ ይይዛል፣ ያኮረፈ ምግቡን ትቶ ይወጣል። እኔ አኮረፍኩ። የሕፃኗ ስም በወጣ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሳህኔን ትቼ ወጣሁ። የእናቴን የድርቤን ስም ላኩልሽ፤ አንቺ ኬኔ አልሻት። ኬኔ! ጠርተውት ሳይጨርሱ የሚያልቅ ስም።

አሁን ያለፈው ቅዳሜ የሆነውን ልንገርሽ፤ እናትሽ አጣምማ ሳትነግርሽ።

ጠዋት ኦቦ ዋቅወያና ኦቦ ነገራ መጡ። እንደምታውቂው የሰፈራችንን ጠብ ሁሉ የምናበርደው ሽማግሌዎች፣ ጃርሳዎቹ፣ ሦስታችን ነን። ነገር ሲቀርብልን የሰው ስም አይጠራም፤ ለዘመድ እንዳናዳላ ብዬ ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ።

ዋቅወያ ጀመረ። አንድ ሰው አለ አለ። የሰው ላም ወለደች፤ ይህ ሰው ለጥጃዋ ስም ላከ። ባለቤቷ ግን ራሷ የመረጠችውን ስም አወጣች። ሰውዬው ተነስቶ ሄደ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያንን ግቢ አልረገጠም።

«ጥጃዋ የእሱ ናት?» አልኩት።

አይደለችም አለ።

«ላሚቱስ?»

«ድሮ ከእሱ በረት የወጣች ናት» አለ ነገራ፣ ጢሙን እያሻሸ።

ሳቅሁ። ብዙ ሞኝ አስታርቄያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም አልኳቸው። ከበረቱ ከወጣች በኋላ እሱን ምን አገባው? ጥጃዋ ስሟን ሰምታ ዞር ካለች ሌላ ምን ይፈልጋል? እናትሽን ጓዳ ውስጥ ሳል ያዛት። ፍርድህን ስጥ አሉኝ፤ ሰጠሁ። ይህ ደረቅ ሰው ለእርቅ እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ፣ ማንም ሳይለምነው፣ በገዛ እግሩ ይሂድ። ትቶት የወጣውን ምግብ ይብላ። ጥጃዋንም ባለቤቷ ባወጣችላት ስም ጠርቶ ይመርቃት። ይግባኝ የለም!

ለመሆኑ ይህን ለእሱ ማን ይነግረዋል ስል፣ ነገራ ከጋቢው ሥር ሣር መዝዞ ጭኔ ላይ አኖረው። «ቤቱ ሩቅ አይደለም፣ ጃርሳ። እግራችንም አልደከመ» አለኝ።

ብድግ ስል በርጩማው ተገለበጠ። ምሳ አላሰኘኝም። ዋቅወያ፣ ያ በዕድሜ ታናሼ፣ ሲወጣ ለአላፊ አግዳሚው «ዛሬ ረታነው!» እያለ ሲስቅ በጆሮዬ ሰማሁት። መዝገበ ቃላቱን ከአልጋ ሥር ከትቼዋለሁ።

የፈረድኩትን ግን አልሽርም። የራሴን ፍርድ ከጣስኩ ነገ በዚህ ሰፈር ማን ይሰማኛል? ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ እመጣለሁ። ናፍቆት እንዳይመስልሽ፤ ፍርድ ነው። ሣሩን እዚያው ዲጋ አጭዳለሁ፤ ከነቀምቴ ይዤው ብመጣ፣ ሚኒባስ ውስጥ ይጠወልጋል። ልትቀበይኝ እንዳትወጪ። ትቼው የወጣሁት አንጮቴ ነበር፤ ያን ጊዜ ቅቤው አንሶት ነበርና አሁን ጨምሪበት።

ውሻችሁን እሰሩት። ባለፈው ወር፣ ዝናቡ ባየለበት ሰሞን፣ ጃንጥላ የያዘ አንድ ሽማግሌ በአጥራችሁ ጥግ ቆሞ ወደ ውስጥ ሲያይ እንዴት እንደጮኸበት ሰምቻለሁ። ሰውዬው ሕፃን ስታለቅስ እንኳ በቅጡ ሳይሰማ ተመለሰ አሉ። ማን እንደሆነ አላውቅም። በነካ እጅሽ፣ ከማስጫው ገመድ ሥር የሕፃኗ ቢጫ ካልሲ ጭቃ ውስጥ ወድቃለች፤ አንሺያት። አንድ እግሯ ባዶውን ይበርዳታል።

ጡትሽ አይንጠፍ። ደጃችሁ ሰው አይጣ። ኬኔ ትደግ፣ ትፋፋ።

እስከ ቅዳሜ የሚያኮርፍ
አባትሽ