ከፎቶው ላይ የተቆረጠው ባስልዮስ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣
አሰላ

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ የሚነሳብሽ ሳል ተወሽ ወይ? መድኃኒትሽን በሰዓቱ ትውጫለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ሲያምሽ ብቻ ነው? እህቴ ህይወት በስልክ «ደህና ናት» ትለኛለች፤ እሷ ግን ቤት ቢቃጠልም ደህና ነን ባይ ናት። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔ አሁንም አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አረጋውያንን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ነው። ልጄ ናኦድም ቁመቱ በር ሊነካ ምንም አልቀረው።

ለጥየቃ አሰላ መጥታ በተመለሰችው በጊፍቲ እጅ የላክሽው የቤተሰብ ፎቶ ደርሶኛል። እንዳይታጠፍ በሁለት ካርቶን መሀል አድርጋ ነው ያመጣችው፤ እጇ ይባረክ። «የባስልዮስን ፊት መልሳ ታስገባልኝ፣ ሳልሞት ልየው» ማለትሽንም ነገረችኝ። የልጄ መልክ ጠፋብኝ ብለሽ እንዳለቀስሽባትም አልደበቀችኝም። እማዬ፣ ይሄን ለኔ ለገዛ እህቱ ሳትነግሪ ለሰው? ተቀይሜሻለሁ።

ነገሩ መቼም የሁላችንም ጥፋት ነው። የባስልዮስ መርዶ ከግንባር የመጣ ቀን ለለቅሶው የሚያዝ ፎቶ ጠፍቶ፣ ፊቱን ከዚህ ፎቶ ላይ በመቀስ ቆርጠው ናዝሬት ልከው አስተለቁት። የተለቀውን ፎቶ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከእጅ እጅ ሲዞር ዝናብ በላው፤ ትንሿ ቁራጭም ከፎቶ ቤት ሳትመለስ ቀረች። በዚያ ሰዓት ማን ልብ ይላል!

ናኦድ ፎቶውን ስካን አደረገና ሻጋታውንም ጭረቱንም በኮምፒውተር ያጸዳ ጀመር። የአባዬ ክራቫት መስመር እንኳ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ቀዳዳውን ደግሞ ካንቺ ዓይን፣ ከአባዬ አገጭ፣ ከኔ ግንባር ቀላቅሎ ሞላው። ምን ልበልሽ፣ የሚያምር ጎረምሳ ወጣ! ግን የማን ልጅ ነው? ባየው ባየው ባስልዮስ አልሆን አለኝ። አይደለም ብለው፣ «ኦኬ፣ ምኑን ፊክስ ላድርገው?» አለኝ። አፍንጫው እንዴት እንደነበር አላውቅም እኮ! የገዛ ወንድሜ! መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ናኦድ እንደገና ጠራኝ። ባስልዮስ ከኋላሽ ቆሞ ትከሻሽ ላይ ያሳረፈውን እጅ ሲያጸዳ፣ ኮምፒውተሩ አንዷን ጣት እያቃና አስቸግሮታል። የፎቶው ስህተት መስሎት ትቅና ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ ሌባ ጣቱ ናት! ልጅ ሳለ፣ አንቺ ስትወቅጪ እጁን ሙቀጫ ውስጥ ከቶ ዘነዘናው ያገኛት፣ ቆልመም ብላ የቀረችው። ይሄን ሁሉ ዓመት ሻጋታው ሸፍኗት ነው። «እንዳትነካት!» ብዬ ስጮህ ልጁ ክው አለ። ከዚያ በዚያች ጣት ጆሮዬን ሲቆነጥጠኝ፣ አንቺ ስትደርሺ ደግሞ ምንም እንዳልሠራ ሰው ሲያፏጭ፣ ያንን ሁሉ ስነግረው አመሸን።

እንግዲህ የላክሁልሽ ፎቶ ታድሶ የታተመ ነው፤ የፊቱ ቦታ ግን ባዶ ነው። የማላውቀውን ሰው ባስልዮስ ብዬ ልሰጥሽ አልሆነልኝም። ኮምፒውተሩ የሠራውንም ልየው ካልሽ እልክልሻለሁ፣ አንቺ እንዳልሽ። ብቻ መልኩ ጠፋብኝ ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ፤ እኔም ጠፍቶብኛል። ፖስታው ሲከፈት ህይወት መነጽርሽን ታምጣልሽና መጀመሪያ ትከሻሽን እዪ።

ህይወትን ሳሚልኝ፤ አንቺን ስለምትጦርልኝ ዕድሜዋን ያርዝመው። ልጇ ሐዊ የጫማ ቁጥሯን ትላክልኝ፤ ያለፈው ጠበባት አሉ። ለጎረቤታችን ለእትዬ የትምወርቅ ጉልበታቸውን ስማለች በይልኝ። ናኦድ እጅ ይነሳሻል። ባስልዮስን እስካለፈው ሳምንት «ያ ሰውዬ» ይለው ነበር፤ አሁን «አጎቴ» ይለዋል።

ልጅሽ ሮማነወርቅ
ሳክሲ፣ ቴክሳስ
ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.