በድንኳኑ ጀርባ የተወሰደው ስድስት መቶ ብር

ረቡዕ

ወንድም ጋሼ፣ እንዳትቆጣኝ። ለቤቱ እድሳት ያስቀመጥከውን ስድስት መቶ ብር ለአቶ ደምሴ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሥራውን በጠቅላላ ኮንትራት የያዘው እሱ አይደል? በሳልስትህ ዕለት ከድንኳኑ ጀርባ ጠርቶ አቀፈኝ። «ሠራተኞቹ ሒሳባቸውን እየጠበቁ ነው። የወንድምህ ነፍስ የሰው ላብ ተሸክማ እንዳትሄድ» አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አውጥቼ ሰጠሁት።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ለሳኙ ጋሽ ሸምሱ በር ላይ ቆሟል። ግድግዳችን በግማሽ ተለስኖ እንደቀረ ነው። «አላህ ያጽናህ። ዕቃዬን ልውሰድ ብዬ ነው» አለኝ። ስለ ብር ትንፍሽ አላለም። ስጨቀጭቀው ነው የተናገረው። እሱም አናጺውም አምስት ሳንቲም አላገኙም። አቶ ደምሴ «ሟቹ ሳይከፍለኝ ሞተ» ብሏቸዋል። ለቅሶ ቤት ሒሳብ መጠየቅ ነውር ነው ብለው አርባህን እየጠበቁ ነበር።

ሳይከፍለኝ ሞተ!

ሐሙስ

ከትምህርት ቤት ፎርፌ ቀጨኔ፣ አቶ ደምሴ ቤት ሄድኩ። ምሳ እየበላ ነው። ጢሙ በወጥ ርሷል።

«ያ እኮ የማቴሪያል ነው» አለኝ።

«ለሠራተኞቹ ብለው ነው የወሰዱት!»

ሳቀ። «እንግዲያ ቀበሌ ክሰሰኛ! ጓድ ሊቀመንበሩ ሚዜዬ ነበር።»

ከዚያ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ አፌ ላይ ደቀነው። «በሞቴ!» ሚስቱ ታየኛለች። ጎረስኩ። ወንድም ጋሼ፣ ዋጥኩት እኮ! እስከ ቤት ድረስ ስተፋ መጣሁ። ጣዕሙ አልለቀቀኝም።

ዓርብ

በእጄ ያለው፦ ያንተ ደብተር። «ልስን፣ ሸምሱ፣ 280። በርና መስኮት፣ አናጺው፣ 320።» በቃ። ፊርማ የለም። ምስክር የለም።

የጂኦግራፊ ፈተና ወደቅሁ።

ለለቅሶህ መጥታ የሰነበተችው አክስቴ «ከትልቅ ሰው ጋር አትጣላ። እኔ ሰኞ ወደ ልጆቼ እመለሳለሁ፤ ማን አለህ?» አለችኝ።

እሑድ

ወደ እድር ስብሰባ ሄድኩ። አቶ ደምሴ ከፊት ተቀምጧል። ብድግ አልኩ። «ስለ ወንድሜ ሒሳብ ነው» አልኩ።

የእድሩ ዳኛ «ተቀመጥ የኔ ልጅ፤ የሟች ሒሳብ ከአርባ በኋላ ነው» አሉኝ።

«አቶ ደምሴ አርባውን አልጠበቁም! በሳልስቱ፣ በእናንተው ድንኳን ጀርባ ነው የተቀበሉኝ!»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ደምሴ፣ በእድሩ ድንኳን ከለቅሶተኛ ልጅ ብር ተቀብለሃል?»

«ለማቴሪያል... ማለቴ...»

ከኋላ አንዲት አሮጊት «ቱ! አንተን ማን ሊቀብርህ ነው?» አሉ። ዳኛው ቆረጡ፦ እስከ ነገ ማታ ለሠራተኞቹ በእጃቸው ይክፈል፤ አለዚያ ከእድሩ ይሰረዛል። ገርጥቶ ወጣ። በጎኔ ሲያልፍ «አጉርሼህ!» አለኝ።

ሰኞ

አክስቴ ጠዋት ሄደች። አመሻሽ ላይ አቶ ደምሴ እድሩ ቤት፣ ዳኛው ፊት ከፈለ። ጣቱን እየላሰ ነው ብሩን የቆጠረው፤ አስጠላኝ። ጋሽ ሸምሱ ፈረመ። አናጺው አውራ ጣቱን አሳረፈ። አንድ ሰው እንኳ ሟቹ አልከፈለም አይልም ከእንግዲህ።

ጋሽ ሸምሱ «የቀረውን ግድግዳ ነገ እጨርሳለሁ» አለኝ። ብሩን ግን ሙሉውን ይዟል። ይመጣ ይሆን?

ማክሰኞ

ቤቱ ውስጥ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ተነሣሁ። ከቦኖ ሁለት ባልዲ ውኃ አመጣሁ። አሸዋውን ነፋሁ። ሲሚንቶውን ወደ በሩ አስጠጋሁ። ጋሽ ሸምሱ ገና አልመጣም። ደብተሮቼን ያዝኩ፣ በሩን ሳልቆልፍ ገርበብ አድርጌ ትቼ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።