እስከ ሰኞ ጠዋት

ሐሙስ

እንዴት ነው ዝም ብዬ አጠገቧ የምጫወተው? የምሕረት አባት ጋሽ ተፈራ አዲስ አበባ አርፈው ተቀብረዋል። ወንድሟ ዳዊት ከሲልቨር ስፕሪንግ ኮል አድርጎ «የኮንሰርት ቱሩ እሁድ ያልቃል አይደል? ሰኞ ጠዋት ሰው ይዘን ሄደን መርዶውን እንነግራታለን። እስከዚያ አደራ!» አለኝ። ዘመዱ ሁሉ ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፍ ተነግሮታል። እሺ አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

ባንዳችን ሦስት ሰው ነው፤ ምሕረት ትዘፍናለች፣ እኔ ስቲል ጊታር፣ ሮይ ድራም። ዛሬ ሎረል ከተማ ተጫወትን። ሆንኪ ቶንክ የሚሉት የመጠጥ ቤት ካንትሪ ዘፈን ደግሞ ግማሹ ልቅሶ ነው። ወይ ጉዴ!

ዓርብ

ሴቨን ኮርነርስ። ቫኑ ውስጥ «አባዬ ስልክ አያነሳም» አለች። «ኔትወርክ ይሆናል» አልኳት። ምላሴ በተቆረጠ! ከዚያ ሳንድዊቿን ከፍላ ሰጠችኝ። ለሮይ አቀበልኩት።

የካንትሪ ሙዚቃ ያስለመዷት እኮ ጋሽ ተፈራ ናቸው። ሬዲዮ ከፍተው፣ እንግሊዝኛው ሳይገባቸው፣ አብረዋት ያንጎራጉሩ ነበር።

ቅዳሜ

ግሪንቤልት። ሮይ ነቃብኝ፤ ነገርኩት። «ይሄ ውሸት ነው» አለኝ። ባህላችን ነው፣ ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ ብለን ነው አልኩት። «እኛ እያለን ብቻዋን ናት?» አለኝ።

መድረክ ላይ ሁለቴ ተሳሳትኩ። ምሕረት ዞር ብላ ሳቀችብኝ። «ዛሬ ምን ነካህ አንተ?»

እሁድ

አሌክሳንድሪያ፣ የመጨረሻው። ቤቱ ጢም ብሏል። መድረክ ልንወጣ ስንል «የመጨረሻውን ዘፈን በስልክህ ቅረጽና ለአባዬ ላክለት። የኔን ባያይ ያንተን ያይ ይሆናል» አለች። ስልኬን ወደኛ አዙሬ ስፒከሩ ላይ አቆምኩት። «ይሄ ለአባቴ ነው» ብላ ጀመረች። እንደዚያ ዘፍና አታውቅም። እንዴት እንደጨረስኩ አላውቅም።

«ላክህለት?»

«ልኬያለሁ።»

አልላክሁም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሰኞ

ጎህ ሳይቀድ በሯ ላይ ቆምን፤ ዳዊት፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ እኔ። ከፍታ ስታየን፣ ማንም ሳይናገር ገባት። «አባዬ!» ብላ ወደቀች። ደግፈን አስገባናት።

ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። ረፋድ ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቪዲዮውን ለማን ነው የላክኸው?»

 እጇን ዘረጋች፤ ስልኬን ከፍቼ ሰጠኋት። ቪዲዮው ላይ እሷ ከፊት እየሳቀች ትዘፍናለች። ከኋላዋ እኔና ሮይ አንገታችንን ደፍተናል። እስከ መጨረሻው አየችው፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው።

አሁን መሽቷል። ስልኬን እስካሁን አልመለሰችልኝም።