የመከለያው ቁጥር

ወረታ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሚዜዬ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ሚስትህስ፣ ቤትህስ፣ ይፋግ ላይ የከፈትኸው ብየዳ ቤትስ? ሳል ይዞታል ሲሉ ሰማሁ፤ የብረት ጢስ ነውና ወተት ጠጣበት። እኔ ደህና ነኝ። ፎገራም ዘንድሮ ውሃው በጊዜው ሸሽቶለት ሩዙ አምሯል። ጤናህን የጠየቅሁህ ለወጉ ብቻ እንዳይመስልህ። እንድትኖርልኝ እፈልጋለሁ። ይህን ደብዳቤ ሳትሰማ ብትሞትብኝ አለቅስ ነበር።

ፊደል እንዳልቆጠርህ አውቃለሁ። ማፈሪያ አላደርገውም፤ የድሃ ልጅ ነህ፣ ሌላው ትምህርት ቤት ሲሄድ አንተ ከብት ኋላ ነበርህ። ስለዚህ አንባቢ እኔው ፈልጌልሃለሁ። ድምፃቸው የጠራ፣ ቃል የማይዘሉ ሰው ናቸው። ፖስታውን እፊትህ እንዲከፍቱት ለምኛቸዋለሁና ውስጡ ያለውን እሳቸውም የሚያውቁት ካንተ ጋር እኩል ነው። ብትቆጣ በእኔ ተቆጣ።

ሚዜዬ የምልህ ሌላ ስም ጠፍቶኝ አይደለም። አያልነህ ሲያገባኝ አንደኛ ሚዜው አንተ ነበርህ። እናቴ ፊት ቆመህ፣ ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ናት፣ ባሏ ቢበድላት ከእሷ ጋር ቆሜ ከሱ ጋር እጣላለሁ ብለህ ማልህ። ሚዜ ሁሉ ይህን ይላል። እኔ ግን ሞኝ ነኝና አመንሁ። አንድ ጊዜ ከአያልነህ ጋር ክፉኛ ተጣልተን ልብሴን ጠቅልዬ ስወጣ፣ ከመናኸሪያው የመለስኸኝ አንተ ነህ። አብረኸኝ መጥተህ እሱን አስወቅሰህ፣ እኔን አስቀህ ሄድህ። ያን ቀን አልረሳሁትም። ነገርህ ሁሉ ክፉ ቢሆን ኖሮ አንተን መጥላት እንዴት በቀለለኝ።

አያልነህ ከሞተ በኋላ አርባው ሲወጣ የሽርክና ሥራ ቤታችሁን ዕቃ ተካፈልን። የሚሠራው ላንተ፣ የተበላሸው ለኔ ደረሰ። ሁለት የተቃጠለ መሰርሰሪያ፣ ሲነሣ የሚጮህና የማይልግ መላጊያ፣ አንድ የእንጨት መጋዝ። ለቆራሌው ሽጪው፣ ሴት ልጅ ምን ታደርግበታለች ብለህ መከርኸኝ። እኔም ልሸጠው ጀላል ዘንድ ተሸክሜ ሄድሁ። ጀላልን ታውቀዋለህ፣ የሕንጻ መሣሪያ ነጋዴውን። መሰርሰሪያውን ገልብጦ ሆዱ ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ አየና፣ ይኼ እኮ አልሞተም አለኝ። ስልኬን ተቀብሎ የማሽኑን ቁጥር እንዳለ ጻፈና ፈለገ።

የፋብሪካው የመለዋወጫ ካታሎግ ሲከፈት የማየውን ማመን አቃተኝ። መሰርሰሪያው በሥዕል ተበትኖ፣ እንደ ዶሮ ብልት እያንዳንዱ ለየብቻው ተቀምጦ፣ ከጎኑ ቁጥር ተጽፎለታል። የሞተሩ ካርቦን ቁጥር አለው፣ የዘንጉ ኩሽኔታ ቁጥር አለው፣ የጥፍር ቁራጭ የምታክል ሽቦ እንኳ ቁጥር አላት። ጀላል፣ ስሙን አትፈልጊ አለኝ። ስሙን ባሕር ዳር አንድ ይሉታል፣ አዲስ አበባ ሌላ ይሉታል፤ ቁጥሩን ላኪ፣ ቁጥሩ ሁሉም ዘንድ አንድ ነው።

እንዲህ ሆኜ ጀመርሁ። በአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ፣ በአንድ የተሰነጠቀ ስልክ። ኢንተርኔት ሲኖር አወርዳለሁ፣ ሲጠፋ ያወረድሁትን አነባለሁ። መጀመሪያ ላይ ካርቦን በዓይኔ ለክቼ አዝዤ፣ ሲመጣ አልገባ ብሎ አልቅሻለሁ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ሳላመሳክር አላዝም። ዛሬ ከሐሙሲትም ከአዲስ ዘመን ከተማም ፎቶ ይልኩልኛል፤ እኔ ቁጥሩን እፈልጋለሁ፣ ዕቃው በሚኒባስ ይመጣል፣ እጄ ላይ ይገጠማል። የቁጥሯ ሴትዮ ነው የሚሉኝ። ሊያስጠግኑ ሲመጡብህ አንተ መለዋወጫ የለውም፣ አዲስ ግዙ እያልህ የመለስሃቸውን ማሽኖች አንድ በአንድ አስነሣኋቸው። ልዋሽህ አልችልም፤ ማሽኑ ሲነሣ ደስ የሚለኝ ለባለቤቱ አልነበረም። ደንበኛህ አንተን ትቶ ወደ እኔ መምጣቱ ነበር የሚጥመኝ።

በቀሌ እዚያ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። አንተ ነህ ያላስቆምኸው።

ገና አርባው ሳይወጣ፣ ታኅሣሥ 2015 ቁሐር ሚካኤል ደጅ የሆነውን ታስታውሳለህ። የአያልነህ ወንድሞች አሟሟቱ አልዋጥ ስላላቸው ሽማግሌ ተሰየመ። መምሬ ገበያው መስቀሉን ያዙ፣ ሁለቱ ሽማግሎች ግራና ቀኝ ተቀመጡ፣ አንተ እጅህን መስቀሉ ላይ ጫንህ። ያልኸውን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። አያልነህ ዲስኩ ፈንድቶ በገደለው ዕለት ጧት አረቄ ጠጥቶ መጣ አልህ። ትልቁን ዲስክ ትንሹ ግራይንደር ላይ የገጠመው ራሱ ነው፣ አይሆንም ብዬው አልሰማኝም አልህ። የዲስኩ መከለያ ለምን አልነበረውም ብለው ሲጠይቁህ፣ ይኼ ዓይነቱ ከፋብሪካ ሲወጣም መከለያ የለው አልህ። ማሽኑን አምጣ ቢሉህ፣ ደም የጠጣ ዕቃ ቤቴ አይገባም ብዬ ጉማራ ወንዝ ወረወርሁት አልህና አለቀስህ። እንባህን አይተው አለቀሱልህ። የእጅ ስህተት ነው፣ ስህተቱም የሟቹ ነው ተብሎ ተፈረደ፤ ወንድሞቹም እጃቸውን ሰበሰቡ።

እኔ ጾም ላይ ነበር ብዬ ጮህሁ። ጾመ ነቢያት ነበር፤ አያልነህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምስም። ሚስት ለባሏ ምን ትላለች ብለው አለፉኝ። ከዚያ ወዲያ ባሌ በወረታ ከተማ ሰክሮ የሞተው አያልነህ ሆነ። እናቱ፣ አማቼ ጸሐይነሽ፣ ደጀ ሰላም ቁጭ ብላ ለልጇ ነፍስ ስታስጸልይ እንኳ አንገቷን እየደፋች ነበር። ባለፈው ሐምሌ ቀበርናት። ልጄ ምን ነካው፣ በጾም ይጠጣል እንዴ እንዳለች ነው የሄደች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ውባየሁ የሚባል፣ የማላውቀው ሰው ከይፋግ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ለዚህ ግራይንደር መከለያ ይገኛል ወይ ይላል። ላንተ ተቀጥሮ እንደሚሠራ አልነገረኝም። ፎቶውን ከፈትሁት። አረንጓዴ ግራይንደር ነው። እጀታው ላይ የላም ቆዳ ተሰፍቶበታል። ስፌቱ ጥምዝ ነው፤ አያልነህ እጄን ያቃጥለኛል ሲል በጫማ መስፊያ ስሰፋው መርፌው ጠምቶብኝ ነበር። ቆዳ ሌላም ሰው ይሰፋል ትል ይሆናል። ውባየሁን የሆዱን ጽሑፍ አቅርበህ አንሣልኝ አልሁት፣ አነሣልኝ። ማሽኑ የተገዛበት ካርቶን ዛሬም የበርበሬ ማስቀመጫዬ ነው። በርበሬውን ገልብጬ የመለያ ቁጥሩን አመሳከርሁ። እንደ ልማዴ ሦስት ጊዜ። አንድም አልተሳሳተ።

ጉማራ የወረወርኸውን ማሽን ማን አወጣው፣ ሚዜዬ?

ካታሎጉን ከፈትሁ። ሥዕሉ ላይ ሠላሳ አንደኛው መከለያው ነው፣ ሠላሳ ሁለተኛው ማሰሪያ ብሎኑ። ከፋብሪካ ሲወጣ ለብሶት ነው የሚወጣ። ከሥሩ ደግሞ ማሽኑ በደቂቃ አሥራ አንድ ሺህ ጊዜ እንደሚዞር ተጽፏል። ያ ትልቁ ዲስክ የሚችለው ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ነው፤ ዲስኩ ላይም በግልጽ ታትሟል። አንተ ማንበብ አትችልም፣ ለዚህ አልፈርድብህም። ባለማወቅ የሰው ሕይወት ይጠፋል። እኔ የምፈርድብህ እያወቅህ በማልኸው ነው።

ይህንንም ያልሁት ፎቶውን ብቻ ይዤ አይደለም። ማንበብ የማይችል ሰው ድምፁን ነው የሚልክ። አንተ ለውባየሁ በድምፅ ላክህለት፤ ውባየሁ ደግሞ የዋህ ሰው ነው፣ ምን ዓይነት እንደሚፈለግ እንድሰማ ብሎ የላክኸውን ድምፅ እንዳለ ለእኔ አስተላለፈው። ሃያ ሰባት ሴኮንድ ናት። ያለ መከለያ አልይዝም ካልህ ምን አደርግሃለሁ ትለዋለህ። ያን ጊዜ ትልቁን ዲስክ አላስገባ ቢለኝ እኔው ፈትቼ ጥየዋለሁ ትለዋለህ። ለሴትዮዋ ፎቶ ላክላት፣ የማን ነው ብትልህ ግን የኔ መሆኑን እንዳትነግራት ትለዋለህ። ከዚያ ትስላለህ። ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልነግርህም፤ ሳልህን ሳይቀር ሸምድጃታለሁ።

አያልነህ ዲስኩ ትልቅ መሆኑን እያየ ለምን ያዘው ብዬ ሦስት ዓመት ራሴን ስጠይቅ ኖሬአለሁ። አሁን ገባኝ። አንተ ስላቀበልኸው ነው። በሠርጉ ቀን ያጎረስኸውን ሳያይ እንደዋጠ፣ ያንንም ሳያይ ተቀበለህ።

ክፉ ሐሳብ እንደመጣብኝ አልደብቅህም። ካታሎጉ ውስጥ ያንኑ የሚመስል ሌላ መከለያ አለ። በአንድ ቁጥር ከፍ ላለ ማሽን የተሠራ ነው። ሲገጠም የገባ ይመስላል፣ ብሎኑም ይጠብቃል፤ ውሎ አድሮ ግን ይላቀቃል። እሱን ልላክለት ብዬ ቁጥሩን ጻፍሁ። ጽፌም ቁጭ ብዬ አየሁት፣ ደስም አለኝ። በኋላ ግን ማሽኑን የሚይዘው ውባየሁ መሆኑ ትዝ አለኝ። የአራት ልጆች አባት ነው፤ ያለ መከለያ አልይዝም ያለ ብልህ ሰው ነው። አንተን ላገኝ ብዬ እሱን ካገኘሁ ካንተ በምን እሻላለሁ? አጠፋሁትና ትክክለኛውን አዘዝሁ። ከአዲስ አበባ በአራተኛው ቀን መጣ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ ተጠቅልሎ የመጣው እሱ ነው። ላንተ አይደለም፤ አንባቢው ለውባየሁ ይስጡልኝ።

ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ቂም ይዣለሁ፤ ስለዚህ አማቼን ከቀበርን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ከደጅ ስሜ ነው የምመለስ። አንተ ደግሞ ሳል ይዞሃል። ሁለታችንም የምንገላገልበትን ቀን ቆርጫለሁ። ታኅሣሥ 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ቁሐር ሚካኤል ደጅ ትመጣለህ። ማሽኑን በእጅህ ይዘህ ትመጣለህ። ያን ዕለት በቆምህበት ቆመህ፣ አያልነህ አልጠጣም፣ መከለያውን የፈታሁት እኔ ነኝ፣ ዲስኩን የገጠምሁት እኔ ነኝ፣ ያቀበልሁትም እኔ ነኝ ትላለህ። ከዚያ አማቼ መቃብር ትሄድና ለእሷም ትደግመዋለህ። ትሰማለች አትሰማም፣ እሱን ለእኔ ተወው።

የአያልነህ ወንድሞች እስካሁን አልሰሙም። ካፍህ ቀድመው ከሌላ ቢሰሙ ምን እንደሚሆን የዚህ አገር ሰው ነህና አልነግርህም። እኔ ደምህን አልፈልግም፤ አፍህን ነው የምፈልገው። በዚያው አፍ ነው ባሌን ሁለተኛ የቀበርኸው።

አልመጣም፣ ሴትዮዋ አብዳለች፣ ወረቀት ነው ወረቀቱን እቀደዋለሁ ብለህ እያሰብህ እንደሆነ ይገባኛል። ቅደደው። ድምፅህ ጀላል ዘንድ አለ፣ ውባየሁ ዘንድ አለ፣ እኔ ዘንድ አለ።

አባቴ አንባቢው፣ እርስዎን ሳላማክር በዚህ ዕድሜዎ ይፋግ ድረስ ስላደከምሁዎ እግርዎ ሥር ወድቄ ይቅርታ እለምናለሁ። አብረዎት የተቀመጡትን ሁለቱን አባቶችም እንዲሁ። ምን እንደሆነ ሳይጠይቁኝ እሺ ስላሉኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን መነጽርዎን ያውልቁና ትንሽ ይረፉ። ውባየሁ ስልኩን ይከፍትልዎታል፤ ሃያ ሰባት ሴኮንድ ናት።

አንተም ሚዜዬ፣ ድምፅህን ሰምተህ ስትጨርስ ቀና በል። ይህን ወረቀት የያዘችውን እጅ እያት፤ ያን ዕለት መስቀሉን የያዘችልህ እሷው ናት።

እግዚአብሔር ሳልህን ያርቅልህ፣ ጉሮሮህን ይጥረግልህ፣ እስከ ታኅሣሥ አሥራ ሁለት በሰላም ያድርስህ።

ምለህ የተቀበልሃት
እህትህ