ሙዙ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?

ሐሙስ፣ ጥር 14

ሳምንቱን ሙሉ ፀሐዩ ለስላሳ ነው። ዝናብም የለም። ሲቀላ ገበያ በእኩለ ቀን እንኳ ጥላ የሚሻማ ሰው አላየሁም። በሌላው ዓመት በዚህ ጊዜ ሙቀቱ ሙዙን ቶሎ ስለሚያደርሰው ሳላመነታ አስቆርጣለሁ። ዛሬ ኩልፎ ወንዝ ዳር ወዳለው ማሳ ወርጄ ሳየው ግን ገና ቀጭን ነው። አሁን ባስቆርጠው የአዲስ አበባው ደንበኛዬ አይቀበለኝም። ብጠብቅ ደግሞ ሙቀቱ ድንገት ከተመለሰ ሙዙ መንገድ ላይ ይበስልብኛል። የሚጭነው መኪና ነገ ጠዋት ይመጣል።

ባለማሳው ጋሽ ዳና ገጀራቸውን ይዘው፣ "እሺ፣ ምን ይሁን?" አሉኝ።

"ግማሹን ይቁረጡት።"

"ግማሹን? አንቺም እንደ ሰማዩ መወሰን አቃተሽ እንዴ፣ ልጄ?" ብለው ሳቁብኝ።

እኔም ሳቅሁ። የትኛው ግማሽ እንደሚያከስረኝ ግን ቤት ገብቼም አላወቅሁም።