ለአቶ በለጠ፣ ስለ አርባ አንደኛው ካርድ

ልጄ ኢንሳፍ አልተባረረችም፣ ሥራዋ ላይ ናት፤ አልሐምዱሊላህ! ሰላምታው መቅደም ነበረበት፣ ደስታው ቀደመኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

የተከበሩ የክሊኒካችን ሥራ አስኪያጅ አቶ በለጠ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብስ? በግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎ ምስጋናዬ ለብቻዎ ስለሚከብድዎ ነው፤ የጭሮ ከተማ ሰው ሁሉ አንብቦ ያግዝዎ ብዬ ነው።

፩. የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር በየቀኑ አርባ ታካሚ መዝግቦ ስታክ አድርጎ ሲቆም፣ ከሚኤሶ በጭነት መኪና የመጣች ነፍሰ ጡር ሳትቀር ነገ ተመለሺ ስትባል፣ ጥፋቱን ፕሮግራሙንም በምትጠግነው መዝጋቢ ልጄ ላይ ስላደረጉ እናመሰግናለን። የስንብት ደብዳቤውን ሳያጣሩ መፈረምዎም ጊዜ ቆጥቧል።

፪. ኢንሳፍ በትህትና አስረድታዎታለች። የታካሚው ስም የሚጻፍበት ሳጥን፣ ፕሮግራሙ በጠየቀው ቁጥር የስሙን ኮፒ ይሰጠዋል፤ ኮፒውን የተቀበለ ሲጨርስ መጣል አለበት፣ አለዚያ የኮምፒውተሩ ሚሞሪ ሞልቶ ይቆማል። ጣይ አልነበረም። ከአሥረኛ ክፍል የቀረሁት እኔ እንኳ ገባኝ፤ ፎቶ ኮፒ ያነሳልኝ ሰውዬ ቤቴ መጥቶ ወረቀቱን አይጠርግልኝም። እርስዎ ግን ከሳጥን የወጣ ሁሉ ይጣል ብለው አዘዙ። የሐኪሙን ስም የያዘው ሳጥን ኮፒ አይሰጥም፣ የራሱን ዋናውን ያውሳል እንጂ። በትእዛዝዎ የተዋሳችሁትን ዋና ጣላችሁበት፣ ፕሮግራሙ ገና ሦስተኛው ታካሚ ላይ ተዘጋ። ያንንም በልጄ ስም ጻፉልን።

፫. ልጄ ሁለቱን ለይታ ያስተካከለች ጊዜ፣ ሐሙስ ጠዋት ደብዳቤውን ይዘው ከኋላዋ በመቆም ስላበረታቷት ምን ልበልዎ? አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እቆጥር ነበር። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ዘጠኝ። ከገለምሶ የመጡት ሼህ ዓሊዩ አርባኛ ሆኑ፤ ሳላቸውን እንኳ ዋጡት። ኢንሳፍ ዞር ሳትል፣ «ኮፒው የእኛ ነው፣ እንጥለዋለን፤ የተዋስነውን አንነካም» አለች፣ ቁልፉን ተጫነች።

አርባ አንደኛው ካርድ ወጣ። ደግሞም ቀጠለ፣ እስከ መዝጊያ ሰዓት አንድም ሰው አልተመለሰም። እርስዎ ደብዳቤውን አጥፈው ኪስዎ ከተቱ፤ ይቅርታውን በዚያው ረሱት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ እህል እንዳልበላ በማድረግ ቀጭን ወገብ የመለሱልኝ፣ ውለታዎን የማልረሳ፣
ሀሚዳ በድሪ፣ የኢንሳፍ እናት

ይህንንም ልጨምር፦ ኪስዎ ያለው ደብዳቤ ኮፒ አይደለም፣ ዋናው ነው፣ ባለቤቱም እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ መጣሉ የእርስዎ ፋንታ ነው። ይዘውት ይምጡ፣ ሰው ሁሉ እያየ ይቀድዱታል። ለእርስዎና ለክርስቲያን ጎረቤቶቼ፣ ከእነሱው አንዷ ዘርፈሽዋል ለብቻ ታበስላለች። የተመለሳችሁም፣ የተመዘገባችሁም፣ ሁላችሁም እሁድ ከዙህር ሶላት በኋላ ቤቴ ለምሳ ኑ።