እማሆይ ካርታ ሲጫወቱ

ሰኞ

ብሩክ ቦታዬን ወስዷል። የዛሬ ዜና ይኸው ነው።

ጓደኛዬ ደረጀ ጋ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ስገባ እሱና ብሩክ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍተዋል። ትናንት ኢንተርኔት ላይ የተጫወቱትን ፖከር አንድ በአንድ እየመለሱ ያያሉ። «እዚህ ጋ መጣል ነበረብኝ»፣ «አይ፣ ገጥመህ ማየት ነበረብህ»፣ እንዲህ ሲባባሉ። ደረጀን ካርታ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ኮንከር እንኳ አያውቅም ነበር። አሁን ሦስት ወር ሙሉ እየተሻሻለ ነው፤ እኔ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ እየተበላሁ ነው።

ብሩክ ማለት ከአርባ ምንጭ መጥቶ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የሚማር፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ፈርቶ ሁለት ጃኬት የሚደርብ፣ ቤት ውስጥ ጓንት የሚያደርግ ልጅ ነው።

«እኔም ላጥና» አልኩ።

ደረጀ ቀና ሳይል «አንተ ትቀልዳለህ። ይሄ ሥራ ነው» አለኝ።

ብሩክ ደግሞ «ወንድሜ፣ በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ» አለ። ብርግድ አድርጌ ከፍቼው ሄድኩ።

ቤት ገብቼ በአዲስ ስም ተመዘገብኩ። እማሆይ። ደረጀ የሚጫወትበትን ጠረጴዛ አውቀዋለሁ፣ በሳንቲም የሚጫወቱበትን። እማሆይ ይጎበኙታል።

ማክሰኞ

ደረጀ አስር ሰዓት ላይ ደንበኛ ሲቀንስለት ነው የሚጫወተው። እኔም በምሠራበት ወፍጮ ቤት ስንዴው እስኪፈጭ ስልኬን አወጣሁ። አለ።

ፖከር ላይ የምወደው ነገር ቢኖር፣ ምንም ሳትይዝ ያለህን ሁሉ በአንዴ መግፋት መቻልህ ነው። ሌላው ከፈራና ካርታውን ከጣለ መሃል ያለው ያንተ ነው። ሁለትና ሰባት ይዤ ገፋሁ። ከዚህ የባሰ ካርታ የለም። ደረጀ ጣለ። ሳቄ መጣ፣ ዱቄት ገባብኝ፣ አስነጠሰኝ።

እትዬ ዘነበች፣ የወፍጮው ባለቤት፣ ከበሩ ብቅ አሉ። «ምን ያስገለፍጥሃል? ከእነዋሪ የመጣችው ሴትዮ ዱቄቴ ሻከረ እያለች ነው።»

«መንገዱ ነው እትዬ። ስንዴው ተንገጫግጮ ደንግጦ ነው የመጣው።»

«መፈጨትስ አንተን ነበር» አሉኝ።

ደግሜ ገፋሁ፣ ደግሞ ጣለ። በሦስተኛው ግን አልጣለም። ሙልጭ አድርጎ በላኝ።

ረቡዕ

የእትዬ ዘነበችን መታወቂያ ኮፒ ላስደርግ ብዬ ሄድኩ። ሰበብ ነው። ስለ እማሆይ እያወሩ ደረስኩ። ያውም በአንቱታ።

«እማሆይ ሁሌ ይገፋሉ» ይላል ብሩክ። «ጠብቃቸው እንጂ አትሽሻቸው።»

«ማን ናቸው?» አልኩ፣ ፊቴን ጨምድጄ።

«ደንበኛችን ናቸው» አለ ብሩክ፤ ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ጨዋታው ላይ ስለ እያንዳንዱ ተጫዋች ማስታወሻ መያዣ አለ። ደረጀ ስለ እማሆይ የጻፈውን ከትከሻው በላይ አነበብኩት፦ «ባዶ ሲሆኑ ይቸኩላሉ። ጥሩ ሲይዙ ያስባሉ። ሲሸነፉ ይናደዱና ያንኑ ይደግማሉ።»

እናቴ እንኳ እንዲህ አታውቀኝም። አስተማሪዎቼ አሥረኛን እስካቋርጥ ድረስ ካርዴ ላይ «ይረብሻል» ብቻ ነው የጻፉት። እሱ ሳያውቀኝ አወቀኝ።

ሐሙስ

ትንሽ ገንዘብ እንደገና አስገባሁ። ከሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ቀድጄ እንዲህ ጻፍኩ፦

መጥፎ ካርታ ይጣላል። ቆንጆ ቢመስልም ይጣላል።

ከመንካቴ በፊት አምስት እቆጥራለሁ። ባዶም ብሆን፣ ሙሉም ብሆን።

ከተናደድኩ እነሳለሁ።

ከሌሎቹ በኋላ ተራ ሲደርሰኝ ነው መጫወት፤ ያኔ እነሱ ያደረጉትን አይቻለሁ። (ይሄኛውን ከብሩክ አፍ ነው የሰረቅሁት። አይስማ።)

ሁለት ሰዓት ሙሉ ጣልኩ፣ ጣልኩ፣ ጣልኩ። ምስር መልቀም ይሻላል። ከዚያ መብራት ጠፋ፣ ወፍጮውም ቆመ፣ ኔትወርኩም ሄደ። ስቆጥረው ግን አልተበላሁም። እንዲያውም ትንሽ ተርፎኛል። በሦስት ወር የመጀመሪያዬ።

ዓርብ

ሁለት አስ መጣልኝ። ከዚህ የሚበልጥ የለም። ደረጀ ውርርዱን ጨመረ። አምስት መቁጠሬን ሆን ብዬ ተውኩትና ቶሎ፣ እንደ ድሮዬ፣ ያለኝን ሁሉ ገፋሁ። ባዶ ናቸው ብሎ እንዲያስብ። አሰበ። ገጠመኝ። ሁለት ኪንግ ነበር የያዘው። ገንዘቤ በአንዴ እጥፍ ሆነ።

ከማዳበሪያዎቹ መሃል ተነስቼ ዘለልኩ። ከዚያ ቆምኩ። ለማን ልንገር? እንዲህ ያለውን የምነግረው ለደረጀ ነበር።

ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው። «ደረጀን አሸነፍኩት።»

«በምን?»

«በትዕግሥት።»

ግንባሬን በእጃቸው ነካ አደረጉ። «አተኩሶሃል እንዴ አንተ ልጅ?»

ቅዳሜ

ተናዶ አገኘዋለሁ ብዬ ሄድኩ። አልተናደደም። ጭራሽ ደስ ብሎታል።

«ሴትዮዋ ተለውጠዋል» ይለዋል ለብሩክ። «የጻፍኩትን ያነበቡ ነው የሚመስለው። በአራት ቀን እንዲህ የሚሻሻል ሰው አላየሁም።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ እንደሳቸው ብትሆን ኖሮ እኮ ከእኛ ጋር ነበር የምትቀመጠው።»

ሰው በራሱ ይቀናል? እኔ ቀናሁ። እማሆይን ጠላኋቸው። እኔ የሌለኝ ምን አላቸው?

«ለምን አንጋብዛቸውም?» አለ ብሩክ። «ሦስተኛ ሰው ያስፈልገናል።» ጓንቱን አውልቆ ጨዋታው ላይ መልእክት ላከ፦ «እማሆይ፣ ከእኛ ጋር ቢያጠኑ ደስ ይለናል።»

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ።

ደረጀ አየኝ። «እትዬ ዘነበች ናቸው» አልኩና ወጣሁ። ጠባሴ ሰፈር እስክደርስ አልቆምኩም።

እሑድ

እማሆይ እምቢ ካሉ ሦስተኛው ቦታ ለሌላ ሰው ይሄዳል። እሺ ካሉ መሄድ ያለብኝ እኔ ነኝ። ደረጀ ደግሞ ሲቀለድበት አይወድም። አምና በሩ ላይ «በሐዘን ምክንያት ተዘግቷል» ብዬ ለጥፌ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲመጣበት ሁለት ወር ዘጋኝ። ሁለት ወር እኔና ግድግዳው ነበርን። አሁን ከዘጋኝ የሚመለስ አይመስለኝም።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ብሩክ ሳይመጣ ሄድኩ። ስልኬን ከፍቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት። የእማሆይ ገጽ፣ የብሩክ መልእክት፣ ሁሉም እዚያው አለ።

አየው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኞ።»

«ልትስቅብኝ?»

«መጀመሪያ፣ አዎ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቀናሁ» አልኩት። ይሄን ቃል ለሰው ተናግሬው አላውቅም። አፌ ውስጥ እንደ አሸዋ ነው።

ስልኩን ወደ እኔ ገፋው። ሂድ ሊለኝ ነው ብዬ ተነሳሁ።

«ዓርብ ዕለት» አለ፣ «ሁለት አስ ይዘህ ለምን ቸኮልክ?»

«ባዶ ሲሆኑ ይቸኩላሉ ብለህ ስለጻፍክ።»

ከንፈሩን ነከሰ። ሊስቅ ይሁን ሊሰድበኝ ሳይለይ ብሩክ እጁን እያፋተገ ገባ። «እማሆይ መለሱ?»

ደረጀ አልተጣደፈም። ከጓዳ የፕላስቲክ ወንበር ጎትቶ አመጣ፣ አቧራውን በክንዱ ጠረገ።

«መጥተዋል» አለ። ከዚያ ጥርሱ ሳይታይ፣ ወደ እኔ፣ «ይቀመጡ፣ እማሆይ።»

ብሩክ እኔን አየ፣ ደረጀን አየ፣ ተመልሶ እኔን አየ።

ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት አጠናን። አንዴ ብቻ ነው የቀለድኩት፣ እሱም በብሩክ ጓንት ነው፣ ደረጀም አልሳቀም። ይቅር ብሎኝ ይሁን ቂም እያበሰለልኝ ይሁን እንጃ። ስወጣ ነገ ና አላለኝም፤ አትምጣም አላለኝም። ከበሩ ላይ ዞር ብዬ ሳይ ግን ወንበሩን ወደ ጓዳ አልመለሰውም። ወይም ረስቶት ነው።